የይርዳው ድንጋይ

ድልድዩ የት ላይ ይቁም የሚለውን የሚወስኑት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱም የተማሩ፣ ሦስቱም ከማርቆስ የሚመጡ፣ ግን አንድም ቀን አብረው መጥተው የማያውቁ። አንዱ በጥር መጡ፣ አንዱ በየካቲት መጣ፣ አንዷ ደግሞ መኪና ባገኘች ቀን ትመጣለች። የሚነጋገሩት በወረቀት ነው። ወረቀቱን፣ ችካሉንና ቀዩን ቀለም የማስቀምጠው እኔ ነበርሁ። የድልድዩ ኮሚቴ የሴቶች ተወካይ ስለሆንሁ ነው ይባላል፤ እውነቱ ግን ቤቴ ለወንዙ ቅርብ ስለሆነ ነው።

ቀበሌያችን ከአምበር ወደ ታች የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ደንገሌ የሚባል ወንዝ መሐሉን ይቆርጠዋል። መኪና መንገዱም ጤና ጣቢያውም በእኛ በኩል ናቸው። ወዲያ ማዶ ያሉት ከሐምሌ እስከ መስከረም ውሃው ሲሞላ ተዘግቶባቸው ይከርማሉ።

ልጄ አይናዲስ ያገባችው ወዲያ ማዶ ነው። ካቻምና በነሐሴ ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን አማጠች። በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ወንዙ ዳር አመጧት፤ እኔም በዚህኛው ዳር ቆሜ አየኋት፤ ማሻገር የቻለ ግን የለም። እንደገና ይዘዋት ተመለሱ። ልጁ ሞቶ ተወለደ። እሷን እግዜር ተወልኝ። ዘንድሮ ደግሞ ፀነሰች፣ ብቆጥር ብቆጥር ወሯ ነሐሴ ላይ ዋለ። ክረምቱ ሳይገባ እኔ ዘንድ ነይ ብዬ ላክሁባት። አማቷ ዓይናቸው ጠፍቶ አልጋ ላይ ናቸው፤ ጥያቸው አልመጣም አለች። ግትርነቷን ከማን እንደወሰደችው ስለማውቅ ሁለተኛ አልላክሁባትም። ድልድዩ በነሐሴ ካልቆመ ምን እንደሚመጣ ግን ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር።

አሁን የድንጋዩን ነገር ልናገር። በእኛ ሰፈር ውሃ የወሰደው ሰው አስከሬኑ ካልተገኘ መቃብር የለውም። ስለዚህ ቤተሰቡ፣ ሰውየው የገባ ዕለት ውሃው የደረሰበት ዳር ላይ አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል። ሙት ዓመቱ ሲመጣ ፍትሐቱ የሚደገመው እዚያ ነው። ድንጋዩን ያስቀመጠው ሐዘንተኛ ነውና ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው "ውሃው እዚህ አልነበረም፣ እዚያ ነበር" አይለውም። ነውር ነው። ባሌን ይርዳውን ደንገሌ የወሰደው ከሰባት ዓመት በፊት በሐምሌ ነው። አልተገኘም። ድንጋዩን ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ሰው እስከ ጉልበቱ ገብቶ የሚሻገረው ውሃ የሚደርስበት ቦታ፣ ዝቅ አድርጌ አስቀመጥሁት።

በጥር አቶ የሺዋስ መጡ። የእሳቸው ሥራ ውሃ ነው፤ ውሃው እስከ የት ይሞላል የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ወፍራም ናቸው፤ ቁልቁለቱን እያለከለኩ ወረዱና ጫማቸው እንዳይርስ ከወንዙ አምስት እርምጃ ርቀው ቆሙ። ሰዉን ሰብስበው ውሃው ከሁሉ በላይ የሞላው የት ድረስ ነው ብለው ጠየቁ። ሰዉ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ ከይርዳው ድንጋይ አልፎ አያውቅም አለ። የነፍስ አባቴ አባ አካለ ወልድ እንኳ መሬት መሬት እያዩ እንደዚያው አሉ። እኔም ዝም አልሁ። አቶ የሺዋስ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተከሉ፣ አነጣጠሩ፣ "ድልድዩ ከድንጋዩ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል" ብለው ጻፉና ወረቀቱን ለእኔ ሰጥተው ሄዱ።

በየካቲት ደመላሽ የሚመጣ ዕለት፣ ጠዋት ችካል ይዤ ወረድሁ። ድንጋዩ በቦታው የለም። ሽቅብ አራት ክንድ ያህል ወጥቶ፣ ወደ ብሳናው ዛፍ ተጠግቶ ተቀምጧል። ከብት ጠባቂዎች ተጫውተውበት ይሆናል ብዬ እንዳላስብ ሁለት ጎልማሳ የሚያነሣው ድንጋይ ነው። ከላይ ወደ ታች ማንከባለል እኔም እችላለሁ፤ ሽቅብ መግፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ሣሩን አየሁት፤ አልተረገጠም፣ አልተጋደመም። ጎንበስ ብዬ የድንጋዩን ሥር በእጄ ዳሰስሁት። እርጥብ ነው። በየካቲት፣ ወንዙን ልጆች ጫማ ሳያወልቁ በሚሻገሩበት ጊዜ፣ የድንጋዩ ሆድ የክረምት ጭቃ ይሸታል። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁት፤ ሽታው ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ደመላሽ አፈር ነው ሥራው። የድልድዩ እግር የትኛው መሬት ላይ ቢቆም አይሰምጥም የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ጎረምሳ ነው፣ ቀጭን፤ አፈሩን እየዘገነ ያሸዋል፣ ያሸታል፣ አንዳንዴም ሳየው ምላሱ ላይ ጣል ያደርጋል። የአቶ የሺዋስን ወረቀት አነበበና "እትዬ፣ መነሻው ይህ ድንጋይ ነው አይደል?" አለኝ። ነው አልሁት። ምን ልበለው? ከዚያው ለካ፣ ችካል ተከለ፣ ወረቀቱን ትቶ ሄደ። መኪናው ዳገቱን እንደጨረሰ ድንጋዩን አንከባልዬ ወደ ቦታው መለስሁት።

በመጋቢት ሃኒ መጣች። ገመዱን የምትወስነው እሷ ናት፤ ስንት ሜትር ይርዘም፣ ስንት ሜትር ከፍ ይበል። ከሦስቱም በዕድሜ ትንሿ እሷ ናት፤ በፕላስቲክ ቦቲ ውሃው ውስጥ ገብታ የምትለካም እሷ ብቻ ነበረች። ያን ዕለት ድንጋዩ ከብሳናው ሥር አንድ ክንድ ብቻ ነበር የቀረው። እሷ ለካች፣ የሁለቱን ወረቀት አየች፣ እንደገና ለካች። አንዱም ካንዱ አልገጠመላትም። ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ።

"ውሃው ከፍ ካለ የድልድዩ እግር ወደ ኋላ ይሄዳል። እግሩ ወደ ኋላ ከሄደ ገመዱ ይረዝማል። ገመዱ ከረዘመ መሐሉ ይረግባል። ከረገበ ደግሞ ውሃው ይነካዋል፤ እንደገና ከፍ በል ይባላል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ለብቻችን የወሰንነው ሁሉ የሌላውን ያፈርሳል፣ እትዬ የብርጓል።"

"ታዲያ ለምን ተቀምጣችሁ አትወስኑም?" አልኋት።

"ሦስት አለቃ አለን፣ አንድ መኪና" አለችኝ።

እሷ ስትሄድ ድንጋዩን መለስሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አቶ የሺዋስ ሳይነግሩ መጡ። ድንጋዩ እኔ ባስቀመጥሁበት ነበር፤ የሃኒን ችካል አዩና ማን ነው ይህን ሰማይ ላይ የሰቀለው ብለው ነቅለው ዝቅ አደረጉት። ቀጥሎ ደመላሽ መጣ፤ ያን ዕለት ደግሞ ድንጋዩ ወጥቷል፤ የአቶ የሺዋስን ችካል ውሃ ውስጥ ያለ ያህል ቆጥሮ ነቅሎ ወደ ላይ ወሰደው። ግን ላይኛው መሬት ጥቁር አፈር ነው፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፤ አይሆንም ብሎ ወደ ጎን መለሰው። የመለሰበት ቦታ ላይ ወንዙ ሰፊ ስለሆነ የሃኒ ገመድ አልበቃ አለ። እንዲህ እየተነቃቀለ ሚያዝያ ገባ። እያንዳንዳቸው ሌላውን ይሰድቡ ነበር፤ እኔ ጋ ሲመጡ ነው የሚሰድቡት፣ እርስ በርስ ግን በወረቀት "ለተደረገልን ትብብር እናመሰግናለን" ይጻጻፋሉ።

ድንጋዩ ሽቅብ ይወጣል። እኔ አወርደዋለሁ። በሦስት ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ አወረድሁት። የሚወጣው ሰው ሊለካ በሚመጣበት ቀን ብቻ እንደሆነ የገባኝ ሰባተኛው ላይ ነው። አንድ ቀን ጧት ሙሉ ብሳናው ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁት። ፀሐይ ነበር። ዓይኔን አልነቀልሁም። ከዳገቱ በላይ የመኪና ጡሩንባ ሰማሁና ቀና አልሁ፤ ጎንበስ ስል ድንጋዩ እግሬ ሥር ነበር። ውሃ ያንጠባጥባል። የቀሚሴ ጫፍ ርሷል።

አልጮህሁም። ማን ይስማኝ? ይልቅ እልህ ያዘኝ። በእግሬ ገፍቼ አንከባለልሁት።

በሚያዝያ መጀመሪያ ሃኒ ደወለችልኝ። ወሩ እስኪያልቅ በአንድ ቁጥር ካልተስማሙ ገመዱ ለሌላ ወረዳ እንደሚሄድ፣ የእኛ ለሚመጣው ዓመት እንደሚተላለፍ ነገረችኝ። ነሐሴን ቆጠርሁ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ድንጋዩን የሚያንቀሳቅስ ሰው አለ እንዴ?" አለችኝ።

የለም አልኋት።

በማግስቱ ወደ አይናዲስ ተሻገርሁ። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ወዝቷል። የአማቷን ልብስ እያጠበች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥሁና ስለ ሦስቱ ሰዎች አማሁላት፤ አንዱ ውሃ ይፈራል፣ አንዱ አፈር ይበላል፣ አንዷ አለቃ ይበዛባታል፣ እንዲህ ሆነው ድልድይ እንዴት ይሠራል እያልሁ። ሣቀች። ልብሱን ጨመቀችና ገመድ ላይ እያሰጣች፣ ፊቷን ሳታዞር፣

"እማዬ፣ እሱን ድንጋይ ተይው በቃ" አለችኝ።

"የቱን ድንጋይ?"

"እኔ እኮ ያን ቀን በዚህ በማዶው ዳር ቆሜ ነበር። አባዬ የገባው ከብሳናው ሥር ነው።"

አማቷ ከቤት ውስጥ ጠሯት፣ ገባች። እኔ ተነሥቼ ወደ ወንዙ ወረድሁ፤ ደህና ዋይ እንኳ አላልኋት።

ሰባት ዓመት ሙሉ ታውቅ ኖሯል። ግን የምታውቀው ያየችውን ነው። በዚያ በውሃው ጩኸት መሐል ያልሁትን አልሰማችም። ያን የሰማው ይርዳው ብቻ ነው። ያን ቀን ጤፍ ልንዘራ መሬቱ ለስልሶ፣ አንዱ በሬያችን ወዲያ ማዶ ቀርቶ ነበር። ውሃው ብሳናው ሥር ደርሷል፤ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ይርዳው ወንዙ ሙሉ ነው፣ ነገ ሲጎድል አመጣዋለሁ አለ። እኔ ደግሞ መሬቱ ይደርቅብናል ብዬ ስጨቀጭቀው አደርሁ፣ ስጨቀጭቀው አረፈድሁ። በመጨረሻ፣

"እንግዲያስ ሱሪህን አውልቅና ለእኔ ስጠኝ፤ እኔ እገባለሁ" አልሁት።

አየኝ። አልተቆጣም። ጋቢውን አውልቆ ብሳናው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለና ገባ። መሐል ላይ ሲደርስ ዞሮ ያየኝ መሰለኝ። ከዚያ የለም።

ድንጋዩን ዝቅ አድርጌ ያስቀመጥሁት ለዚህ ነው። ሰዉ ሲጠይቀኝ ውሃው እስከ ጉልበት ነበር፣ ከላይ ደራሽ ውሃ ድንገት መጣበት አልሁ። ጉልበት የሚደርስ ውሃ ውስጥ ግባ ያለች ሚስት ማን ይወቅሳታል? ጋቢውን ከቅርንጫፉ ላይ አውርጄ ሰው ሳያይ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት። ዛሬም እዚያው ነው።

ከአይናዲስ ስመለስ የሚለካ ሰው የሚመጣበት ቀን አልነበረም። ድንጋዩ ግን ብሳናው ሥር ነበር። ይርዳው ጋቢውን የሰቀለበት ቅርንጫፍ በላዩ ላይ አለ። ሠርክ እንኳ አልደረሰም፣ ፀሐይዋ ገና ከዛፉ በላይ ናት። "ይርዳው፣ ተው" አልሁት። ስሙን ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። እኔም አወረድሁት፤ በዚያ ሁሉ ላይ አወረድሁት።

ከዚያ ግን ዙሪያዬን ሳይ ችካሉ እንደ አረም በየቦታው ተበትኗል። ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን የተከሉት ነው፣ ሦስቱንም ያሳሳትኋቸው እኔ ነኝ። ሁሉንም ነቀልሁት። አርባ አንድ ችካል ነው። በቀሚሴ ታቅፌ ቤቴ ወስጄ ቆለፍሁበትና ለሃኒ ደወልሁላት።

"ችካሉ እኔ ዘንድ ነው። ሦስታችሁም በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ካልመጣችሁ አንድም አልሰጥም።"

አቶ የሺዋስ ፖሊስ ይጠራሉ አለችኝ። ይጥሩ፣ ፖሊሱም አብሮ ይለካል አልኋት። ያኔ ሣቀች። "እኔ ሦስት ወር ሙሉ የለመንሁት ይህንኑ ነው" አለች።

ከጊዮርጊስ ማግስት መጡ፤ ሦስቱም በአንድ መኪና፣ ሦስቱም ተኮሳትረው። እኔ ቀድሜ ወርጄ ድንጋዩን አይቼዋለሁ፤ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነበር። እስኪደርሱ ድረስ በእጄ ይዤው ቆየሁ። አባ አካለ ወልድንም ጠርቻቸው ነበር። ዙሪያውን ክብ ሠርተን ተቀመጥን። አቶ የሺዋስ ማስታወሻ ደብተራቸውን እንደ ጠረጴዛ ድንጋዩ ላይ ዘርግተው ጀመሩ።

ወዲያው ተያያዙ። አቶ የሺዋስ ለደመላሽ አፈር ስታሸት ውሃ አይታይህም አሉት። እሱም እርስዎ ውሃ ሲለኩ ጫማዎ አይርስም አላቸው። አባ ሣቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሃኒ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጠራች መነሻው የት ነው፣ መነሻው የት ነው እያለች ትጠይቃለች፤ ሁሉም እጁን ወደ ድንጋዩ ይጠቁማል።

በዚህ መሐል ጉሙ ከሸለቆው ተነሣ። ጉም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ይህ ግን በቀስታ አልመጣም፣ በሩን ከፍቶ እንደሚገባ ሰው መጣ። መጀመሪያ ወዲያ ማዶ ጠፋ። ቀጥሎ ውሃው። ከዚያ አጠገቤ ያለችው ሃኒ ጠፋችብኝ፤ የገዛ ጉልበቴን አላየውም። ክርክሩ ቆመ። ያኔ ወንዙን ሰማሁት። ሚያዝያ ላይ ድምፅ የሌለው ደንገሌ እንደ ነሐሴ ይጮኻል። ድንጋይ ከድንጋይ ሲያጋጭ፣ ግንድ ሲያንከባልል ይሰማል። መሬቱ ከሥሬ ይንዘፈዘፋል። አንድ ቀዝቃዛ ነገር እግሬን ነክቶ አለፈ።

"ላይኛው አገር ዝናብ አለ እንዴ?" አሉ አቶ የሺዋስ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኗል።

የማንንም ፊት ስለማላይ ነው መሰለኝ፣ አፌ ተከፈተ።

"ድንጋዩ ውሸት ነው" አልሁ። "ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ ውሃው እዚህ አልነበረም። ብሳናው ሥር ነበር፣ ሥሩን ያጥብ ነበር። ይርዳው አልገባም አለኝ። ሱሪህን ስጠኝ ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ይህን ድንጋይ ይዤ ሰዉን ዋሸሁ፣ እናንተንም ዋሸሁ። ልጄ በነሐሴ ትወልዳለች። ብሳናው ሥር ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።"

ጩኸቱ ቆመ። ቀስ እያለ ሳይሆን ቁርጥ ብሎ ቆመ።

ጉሙ ሲገለጥ አምስታችንም ክብ ሠርተን እንደተቀመጥን ነን። መሐላችን ግን ባዶ ነው። ድንጋዩ የነበረበት ላይ ፀሐይ ያላየ ነጣ ያለ ሣር ብቻ አለ። ደመላሽ ነው መጀመሪያ ያየው፤ እጁን አነሣና ሽቅብ ጠቆመ። ድንጋዩ ብሳናው ሥር ነበር። የአቶ የሺዋስ ደብተር እንደተዘረጋ ላዩ ላይ አለ።

አባ አማተቡ። አቶ የሺዋስ ተነሥተው ሄዱ፤ ጫማቸውን አላዩም። ደብተሩን በሁለት ጣታቸው አነሡት፤ ውሃው እንደ ቧንቧ ወረደ። ቀለሙ ሁሉ ተጨማልቆ ከሦስት ወር ቁጥር አንድም አልቀረም። ቆመው ጨመቁት፣ ጨመቁት። ከዚያ ወደ ሃኒ ዞረው፣

"ንጹሕ ወረቀት ስጪኝ። ከዚህ እንነሣ" አሉ።

ማንም ማንንም አልጠየቀም። ችካሉን ከቤቴ አመጣሁ። አቶ የሺዋስ ከፍታውን ከብሳናው ሥር ለክተው ነገሩ፤ ደመላሽ ወደ ኋላ አሥራ ሁለት እርምጃ ሄዶ ሲቆፍር ከጥቁሩ አፈር በታች አለት አገኘ፤ ሃኒ ርዝመቱን አሰላች፣ አንድ ጊዜ ለአቶ የሺዋስ፣ አንድ ጊዜ ለደመላሽ እየጠራች። አንዱ አንድ ስንዝር ሲለቅ ሌላው አንድ ስንዝር ይይዛል። ሦስት ወር ያልሆነው ነገር በአንድ ሰዓት አለቀ። ሃኒ ወረቀቱ ላይ መነሻው ለምን እንደተቀየረ ስትጽፍ እጇ ቆመ። አየችኝ። "በነዋሪዎች ምስክርነት" ብላ ጻፈች። እኔም ፈረምሁ።

ወደ ቤት ስንወጣ አባ አካለ ወልድ ከኋላዬ ቀስ እያሉ ይመጡ ነበር። ያውቁ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ሁሉም ያውቃል አሉኝ። ታዲያ ድልድዩን ዝቅ አድርገው ሠርተውት ውሃ ከነልጄ ቢወስደውስ ኖሮ አልኋቸው። "ሐዘንተኛን ማን ያርማል፣ የብርጓል?" አሉ። ተናደድሁባቸው። ሳምንት ሙሉ መስቀላቸውን አልተሳለምሁም።

ገመዱ በግንቦት መጣ። መኪናው መውረድ ስላልቻለ ከዳገቱ ላይ ወንዱ ሁሉ ተሰልፎ በትከሻው አወረደው፤ የወዲያ ማዶውም ሰው ተሻግሮ መጥቶ ተሸከመ። ጣውላው ተነጥፎ ያለቀው ሐምሌ ከገባ በኋላ፣ በዝናብ ነው። በተመረቀ ዕለት አቶ የሺዋስ ሊሻገሩ ሞክረው ሲወዛወዝባቸው መሐሉ ላይ በእጅና በእግራቸው ሄዱ፤ ሰዉ እስካሁን ያወራዋል። ያ ድልድይ አንድ ሰው ብቻ ቢሄድበት እንኳ ይወዛወዛል፤ ፍየል ቢሻገር ይወዛወዛል።

ነሐሴ አሥራ ስምንት ጠዋት ከወዲያ ማዶ ተጠራሁ። ስወርድ ውሃው ብሳናው ሥር ደርሷል። ድንጋዩን ነክቶታል፤ ከድንጋዩ አንዲት ጣት አላለፈም። እኔ ያስቀመጥሁበት የድሮው ቦታ፣ የመጀመሪያዎቹ ችካሎች የነበሩበት፣ ከውሃው ሥር ነው፤ በላዩ ላይ ትልልቅ ግንድ ይወርዳል። ዝቅ ብሎ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ከጣውላው አንድም አይተርፍም ነበር።

አይናዲስን በቃሬዛ አመጧት። ድልድዩ ጠባብ ስለሆነ ከፊት ባሏ፣ ከኋላ አንድ ጎረቤታቸው ብቻ ያዟት። ነፋስ ነበር። የእኔ ነጠላ እንኳ ከትከሻዬ እየተነጠቀ ነው። ሲገቡበት ዓይኔን ጨፈንሁ፤ እንደገና ገለጥሁ።

ድልድዩ አልተወዛወዘም። ሁለት ጎልማሳና አንዲት ነፍሰ ጡር በዚያ ነፋስ ላይ ሲሄዱበት፣ እንደ ቤት ወለል ቀጥ ብሎ ቆመ። ገመዱ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ከታች ሰው በሁለት እጁ እንደያዘው። የአይናዲስ ባል በእኔ በኩል ሲረግጥ ፊቱ አመድ መስሏል። ዞሮ ወደ ታች ወደ ውሃው አየና እኔን አየኝ። አትጠይቀኝ አልሁት፤ ሂድ ብቻ። የኋለኛው እግር ከጣውላው ላይ እንደተነሣ ድልድዩ እንደ ልማዱ መወዛወዝ ጀመረ።

ጤና ጣቢያ ደርሰን ሰዓት አልሞላም፣ ሴት ልጅ ተወለደች። ጮኸች። የእሷን ጩኸት ስሰማ ነው ነሐሴን መቁጠር የተውሁት። በሰማንያ ቀኗ ወለተ ኢየሱስ ተባለች።

በመስከረም መጨረሻ ውሃው ሲጎድል ወደ ብሳናው ወረድሁ። ድንጋዩ እዚያ አልነበረም። ታች ነበር፤ እኔ መጀመሪያ ባስቀመጥሁበት፣ በጉልበት ውሃው ዳር። ዳሰስሁት፤ ሥሩ ደረቅ ነው፣ አቧራ አለው፣ ሰባት ዓመት ከዚያ ያልተነሣ ይመስላል።

ብዙ ቆምሁ። ምን እንደፈለገ ገባኝ። ልጁ ተሻግራለች፣ ሥራው አልቋል፤ ድንጋዩ አሁን የእኔን ስም ሊሸፍን ታች ቢቀመጥ ግድ የለውም። ይርዳው እንዲህ ነበር፤ ተጣልተን ካሸነፈኝ በኋላ ለእኔ ይለቅልኛል።

እኔ ግን አልፈልገውም። ነገ ሌላ የሚለካ ሰው ይመጣል፣ ሌላ ድልድይ ይሠራል፣ የወለተ ኢየሱስ ልጆች ይሻገሩበታል። የዶማ እጀታ ይዤ ሄድሁና እንደ ማንሻ ከሥሩ አስገብቼ ሽቅብ ገፋሁት። ከባድ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ክንድ ነው የወሰድሁት፤ ወገቤ ተሰበረ። በማግስቱ ጠዋት ታች አገኘሁት። እንደገና ገፋሁት። እንደገና ወረደ። አባ አካለ ወልድ ሰው ልላክልሽ፣ በአንድ ቀን ያወጡልሻል አሉኝ። አይሆንም አልኋቸው፤ ይህ የባልና የሚስት ነገር ነው።

ሃኒ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ውሃው እንዴት ነው፣ ድንጋዩስ የት ነው ትላለች። ወደ ብሳናው እየሄደ ነው እላታለሁ።

ዛሬም ጠዋት ወርዶ አገኘሁት። ግን ትናንት ካስቀመጥሁበት የወረደው ግማሽ ክንድ ብቻ ነው።